የአረጋውያን የኅብረት ሥራ መኖሪያ ቤት፦ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በዕድሜ ለገፉ ሰዎች አቅምን ያገናዘበ የጋራ መኖሪያ ለመገንባት ለተሰባሰቡ ቡድኖች፣ ለልጆቻቸውና እንዲህ ያለ ማኅበር ለሚያማክሩ ባለሙያዎች ነው። የመሬትና የግብር ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ ያንን የየአካባቢው የሕግ ባለሙያ ይመልሰው። እዚህ የቀረበው የትም ቢሆን የማይለወጠው ነገር ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅ፦ እንዲህ ያለ ማኅበር የሚፈተነው ቁልፍ በሚረከብበት ቀን ሳይሆን ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ያኔ የሚያጋጥመው ችግር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደንቡ ሲጻፍ የታለፈ አንቀጽ ነው።

የኅብረት ሥራ መኖሪያ ከኪራይ ቤትና ከግል ቤት በምን ይለያል?

ሕንፃውም በመሬቱ ላይ ያለው መብትም የማኅበሩ ነው። አባሉ የሚገዛው ቤቱን ሳይሆን ዕጣ፣ ማለትም በማኅበሩ ካፒታል ውስጥ ያለ ድርሻ ነው። ዕጣው በአንድ ቤት ውስጥ የመኖር የጸና መብትና በጠቅላላ ጉባኤ አንድ ድምፅ ይሰጠዋል። ሰፊ ቤት ያለውም ጠባብ ቤት ያለውም ድምፁ እኩል ነው። ብድሩ በማኅበሩ ስም የተወሰደ አንድ ብድር ስለሆነ በ70 ዓመታቸው ባንክ በግል የማያበድራቸው ሰዎችም በማኅበሩ በኩል ባለቤት መሆን ይችላሉ። አንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚለው መርህ እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ ከተመሠረተው የሮችዴል የኅብረት ሥራ ማኅበር የመጣ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት በ1995 ባጸደቃቸው ሰባት መርሆዎችም ውስጥ ይገኛል።

ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ በየአባሉ ስም ካርታ አውጥቶ የሚበተን ማኅበር ከዚህ የተለየ ነው። ለመሥራት ይጠቅማል፤ ዋጋውን ግን ለሚቀጥለው ሰው አያቆይም። ካርታው በተከፋፈለ ማግሥት ቤቱ በገበያ ዋጋ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አረጋዊ ከቀድሞው ድካም ምንም አይተርፈውም።

የእንክብካቤ ተቋም ነው?

አይደለም። ነዋሪው በራሱ ቤት፣ በራሱ በር፣ በራሱ ቁልፍ ይኖራል። ነርስ ወይም ረዳት ሲያስፈልገው ከውጭ ይቀጥራል፤ ማኅበሩም ለብዙ ነዋሪዎች በአንድ ላይ ተዋውሎ ዋጋ ሊያስቀንስ ይችላል። «እንንከባከባለን» ብሎ ቃል መግባት ግን ፈቃድ፣ የሙያ ዋስትናና ሌት ተቀን የሚሠራ ሠራተኛ ይጠይቃል። ይህን ቃል በማስተዋወቂያ ወረቀት ላይ እንኳ አትጻፉት።

የመግቢያ ዕድሜ ስንት ይሁን?

ብዙ ማኅበራት 55፣ 60 ወይም 62 ያደርጉታል፤ ከአንድ ቤት ነዋሪዎች ቢያንስ አንዱ ዕድሜውን ከሞላ ይበቃል። ከቁጥሩ ይልቅ ስብጥሩ ያሳስባል። በመጀመሪያው ቀን የገቡት ሁሉ 72 ዓመት ገደማ ከሆኑ፣ በ12ኛው ዓመት ሁሉም 84 ገደማ ናቸው። ያን ጊዜ ኮሚቴ የሚገባ ይጠፋል፣ ቤቶች በተከታታይ ይለቀቃሉ፣ የዕጣ ተመላሽ ጥያቄም በአንድ ላይ ይመጣል። ከመጀመሪያዎቹ አባላት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ከ65 ዓመት በታች እንዲሆኑ የተጠባባቂ ዝርዝሩን በዚያው ልክ ምሩ።

ደንቡ ሦስት ሁኔታዎችን በግልጽ ይመልስ፦ ዕድሜው ያልደረሰ የትዳር ጓደኛ በሕይወት ሲቀር ምን ይሆናል? አብሮ የሚያድር ረዳት መብቱ እስከ ምን ድረስ ነው? ሊጠይቅ መጥቶ የቀረ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ስንት ቀን መቆየት ይችላል? እነዚህ ካልተጻፉ እያንዳንዱ ጉዳይ የቤተሰብ ጠብ ሆኖ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል።

ስንት ቤት ቢሆን ይሻላል?

ከ24 እስከ 60። ከ20 በታች ሲሆን ሊፍቱ፣ ጥበቃው፣ ሥራ አስኪያጁና ኦዲቱ ለጥቂት ሰው ይካፈልና ወርሃዊው ክፍያ ይከብዳል። ከ60 በላይ ሲሆን ጎረቤት ጎረቤቱን በስም ማወቅ ያቅተዋል። ለአረጋዊ ደግሞ ጠዋት መጋረጃው አለመከፈቱን የሚያስተውል ጎረቤት ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል።

ከየት እንጀምር? ስንት ዓመት ይፈጃል?

ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ መግቢያ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያዙ። በ66 ዓመቱ የተመዘገበ ሰው በ70 ይገባል ማለት ነው፤ ስለዚህ ንድፉ ዛሬ ላለው ጉልበት ሳይሆን ለ80 ዓመት ጉልበት ይሠራ።

መጀመሪያ ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ አደራጆች የአዋጭነት ጥናት ያሠራሉ። ሰዎቹ እነማን ናቸው፣ በወር ስንት መክፈል ይችላሉ፣ አሁን ካሉበት ቤት ስንት ይዘው ይመጣሉ? ይህ ሳይታወቅ አርክቴክት አይጠራም። ከዚያ ማኅበሩ ይመዘገባል፣ ደንቡ ይጸድቃል፣ ተመላሽ የሚሆን አነስተኛ የመመዝገቢያ ገንዘብ በዝግ ሂሳብ (ለሌላ ጉዳይ በማይነካ የባንክ ሂሳብ) ይቀመጣል። ለመሬቱ ወዲያው ገንዘብ አትክፈሉ። ቅድሚያ የመግዛት ውል አስሩና ከ6 እስከ 12 ወር ጊዜ ያዙ። የአፈር ምርመራ፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የውኃና የፍሳሽ መስመር በዚያ ጊዜ ይጣራሉ። ከአውቶቡስ መቆሚያ፣ ከሐኪም ቤትና ከገበያ ከ400 ሜትር የማይርቅ፣ አቀበት ያልበዛበት ቦታ ፈልጉ። ዳር ላይ ያለ ርካሽ መሬት መኪና መንዳት ላቆመ ሰው እስር ቤት ይሆንበታል።

ቁፋሮ የሚጀመረው ከቤቶቹ ቢያንስ 60 በመቶው ቀብድ በከፈሉ አባላት ሲያዙ ነው። አበዳሪውም ይህንኑ ወይም ከዚህ የበለጠ ይጠይቃል። «ፍላጎት አለኝ» ብሎ የፈረመ ሰው አባል አይደለም፤ ቀብድ ሲጠየቅ ከግማሽ በላዩ ይቀራል ብላችሁ አቅዱ።

ወርሃዊ ክፍያው እንዴት ይሰላል?

በማንኛውም ገንዘብ ሊሰላ የሚችል ምሳሌ እንውሰድ። 40 ቤቶች፣ ጠቅላላ ወጪ 40,000,000፤ ማለትም ለአንድ ቤት 1,000,000። አባላት 20 በመቶውን በዕጣ ይሸፍናሉ፤ እያንዳንዱ 200,000 ያዋጣል። 15 በመቶው በልገሳ ወይም በቅናሽ በተገኘ መሬት ይሸፈናል። ቀሪው 26,000,000 ብድር ነው።

በ8 በመቶ ወለድ ለ25 ዓመት የተወሰደ ብድር ለእያንዳንዱ 1,000 በወር 7.72 ይከፈልበታል። ይህም በድምሩ 200,720፣ ለአንድ ቤት 5,018 ይሆናል። በዚህ ላይ መድን፣ ግብር፣ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ የጋራ መብራትና አስተዳደር 2,000፣ ለመጠባበቂያ 600 ጨምሩ፤ 7,618 ይመጣል። አንዳንድ ቤት ባዶ የሚቆይበት፣ አንዳንዱም ክፍያ የሚዘገይበት ጊዜ ስላለ ከክፍያው 97 በመቶው ብቻ ይገባል ብላችሁ በ0.97 አካፍሉት። ውጤቱ ወደ 7,854 ነው።

አሁን ሁለት ነገር ነካክታችሁ እዩ። ወለዱ ወደ 10 በመቶ ቢወጣ 7.72 የነበረው 9.09 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቤት በወር 890 ገደማ ይጨምራል። 15 በመቶው ድጋፍ ቀርቶ ብድሩ 32,000,000 ቢሆን ደግሞ ጭማሪው በወር ወደ 1,158 ይደርሳል። ስለዚህ ቤቱን አቅምን ያገናዘበ የሚያደርገው ከሴራሚክ ዓይነት ይልቅ የመሬቱ ዋጋና የብድሩ ውል ነው። ቡድኖች ግን ስለ ሴራሚክ ሦስት ስብሰባ ይቀመጡና የብድር ውሉን በአንድ ከሰዓት ይፈርማሉ። ጡረታ ወለድ በጨመረ ቁጥር አብሮ ስለማያድግ ወለዱ ተለዋዋጭ የሆነ ብድር ለእንዲህ ያለ ማኅበር አይመከርም።

ወርሃዊ ክፍያው ከነዋሪው ገቢ 30 በመቶ ካለፈ መድኃኒትና ምግብ መሻማት ይጀምራል። ከዚህ በላይ የሚከፍል አባል ለመቀበል ኮሚቴው ልዩ ምክንያት ይኑረው።

አባል ሲወጣ ዕጣው በስንት ይመለሳል?

የማኅበሩ ዕድሜ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው በገበያ ዋጋ መሸጥ ነው፤ ለሚወጣው አባል ይጠቅማል፣ ቤቱ ግን በአንድ ትውልድ ውስጥ ከተራ ጡረተኛ አቅም ይወጣል። ሁለተኛው የከፈሉትን ብቻ መመለስ ነው፤ ቤቱ ርካሽ ሆኖ ይቆያል፣ ነገር ግን የዋጋ ንረት ባለበት ቦታ የሚወጣው አባል ባዶ እጁን የሄደ ያህል ይሆናል። ሦስተኛው የተገደበ ዕድገት ነው። ዕጣው በዓመት በተወሰነ መቶኛ ያድጋል፤ በፈቃድ የተደረገ ማሻሻያ በእርጅና ቅናሽ ይታሰባል። ዋጋን ለማቆየት ለሚፈልግ ማኅበር የምንመክረው ይህን ነው።

ቀመሩን እስከ መጨረሻው ፊደል ጻፉት። ለ100,000 ዕጣ «በዓመት 2 በመቶ» ቢባል ከ12 ዓመት በኋላ በቀላል ስሌት 124,000፣ በድርብ ስሌት (ዕድገቱ ራሱ እየተደመረ ሲያድግ) ደግሞ 126,824 ይመጣል። ደንቡ የትኛው እንደሆነ ካልተናገረ ልዩነቱ ፍርድ ቤት ይደርሳል። እንዲሁም «ማሻሻያ» ምን እንደሆነ ዘርዝሩ። በጽሑፍ ያልተፈቀደ፣ ደረሰኝ የሌለው ወይም የነዋሪው ምርጫ ብቻ የሆነ ነገር አይታሰብም።

አባል ሲሞት ወይም ወደ እንክብካቤ ቤት ሲዛወርስ?

በአረጋውያን ማኅበር ሞት እንደ ልዩ ክስተት የሚታይ ጉዳይ አይደለም፤ በየዓመቱ ጥቂት ቤቶች በዚህ ምክንያት ይለቀቃሉ ብሎ ማቀድ ግዴታ ነው። ወራሹ የሚወርሰው የዕጣውን ዋጋ እንጂ የመኖር መብቱን አይደለም። የመኖር መብት የሚያገኘው መስፈርቱን አሟልቶ በተጠባባቂ ዝርዝሩ መሠረት ሲያመለክት ብቻ ነው። ይህ አንቀጽ ከሌለ በ20 ዓመት ውስጥ ግማሹ ቤት በወራሾች ተይዞ የአረጋውያን መኖሪያነቱ ይቀራል።

ሁለተኛው ችግር የጊዜ ነው። የውርስ ማረጋገጫ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ቤቱ ተቆልፎ ወርሃዊ ክፍያው ይቆጠራል። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብን በየወሩ በደብዳቤ ማስጨነቅም ተገቢ አይደለም። የሚሠራው መፍትሔ ይህ ነው፦ አባሉ ሲገባ ዕቃውን የሚያነሳና ቁልፉን የሚያስረክብ ሰው በጽሑፍ ይሰይማል። ከሞት በኋላ የ60 ወይም የ90 ቀን የእፎይታ ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ክፍያ ከዕጣው ላይ ይቀነሳል፣ ማኅበሩም ቤቱን ለቀጣዩ ተጠባባቂ የመስጠት መብት አለው። ገንዘቡ የውርስ ጉዳይ እስኪያልቅ በዝግ ሂሳብ ይቆያል።

የዕጣ ተመላሹ ቀጣዩ አባል ገብቶ ሲከፍል ወይም ቢዘገይ በተወሰነ የወራት ገደብ ውስጥ እንደሚከፈል ይጻፍ። ማኅበሩ ደግሞ ለዚህ የሚውል ቢያንስ የሦስት ዕጣ ዋጋ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ለብቻው ይያዝ። ለሚወጣ አባል የሚመለስ ገንዘብ ከጥገና መጠባበቂያ መውሰድ ሲጀመር ችግሩ እየተደበቀ ያድጋል።

ንድፉ ላይ መለወጥ የሌለባቸው ልኬቶች የትኞቹ ናቸው?

በር ሲከፈት የሚገኘው ንጹሕ ክፍተት ከ80 ሴንቲሜትር አይነስ፤ ለዚህም 90 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው በር ይታዘዛል። ንድፉ ላይ «80» ተብሎ የተጻፈ በር ፍሬሙና ማጠፊያው ሲቀነስ ዊልቸር በቀላሉ አያሳልፍም። ይህ በሥራ ቦታ ከሚገጥሙ የተለመዱ ስህተቶች አንዱ ነው። ዊልቸር ለመዞር በመታጠቢያ ቤትና በማእድ ቤት 150 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለው ክፍት ቦታ ይፈልጋል። የጋራ ኮሪደር 150 ሴንቲሜትር፣ ደፍ ከ13 ሚሊሜትር ያልበለጠ ይሁን።

ራምፕ (ያለ ደረጃ የሚወጣበት ተዳፋት) 1 ለ12 ነው። 60 ሴንቲሜትር ከፍታ ለመውጣት 7.2 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ከ75 ሴንቲሜትር በላይ ከፍታ ሲኖር መሃል ላይ 150 ሴንቲሜትር ማረፊያ ይጨመራል። ቦታ ጠቦ 1 ለ8 የተሠራ ራምፕ ዊልቸር የሚገፋውን ሰው ያደክማል፣ ሲወርድም ይጥላል። የደረጃ ከፍታ ከ17 አይብለጥ፣ መርገጫው ከ28 ሴንቲሜትር አይነስ፤ የእያንዳንዱ ደረጃ ጠርዝ ከወለሉ በቀለም ይለይ። መደገፊያው በሁለቱም በኩል ይሁን።

መታጠቢያ ቤት ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ስለሆነ አትሰስቱበት። ገንዳ አይገባም። ሻወሩ ከወለሉ ጋር እኩል ሆኖ ወደ ፍሳሹ 2 በመቶ ያዘነብላል። ከዚህ ካነሰ ውኃ ይተኛል፣ ከበዛ እግር ይንሸራተታል። የሽንት ቤት መቀመጫ ከፍታ ከ43 እስከ 48፣ የመያዣ ብረቱ ከ84 እስከ 91 ሴንቲሜትር ነው። ብረቱ 113 ኪሎ ግራም መሸከም አለበት። ባዶ ብሎኬት ላይ በፊሸር የተተከለ መያዣ አንድ ቀን ሰው ይዞት ሲወድቅ ይነቀላል። ስለዚህ ግድግዳው ሲገነባ በመያዣው መስመር ያሉት ብሎኬቶች በኮንክሪት ይሞሉ፤ ብረቱ ዛሬ ባይገጠም እንኳ ቦታው በሥዕል ላይ ተለይቶ ይቀመጥ። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ሰው በሩ ሥር ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ረዳቱን አያስገባም።

የመብራት ማብሪያ ከ90 እስከ 110፣ ሶኬት ከ45 ሴንቲሜትር በላይ ይሁን። የ60 ዓመት ዓይን እንደ 20 ዓመት ዓይን ለማየት ሦስት እጥፍ ያህል ብርሃን ይፈልጋል፤ ስለዚህ የኮሪደር አምፖል ቁጠባ ላይ የሚቆረጥ ነገር አይደለም። የሊፍት ካቢን ለዊልቸር 110 በ140፣ ለአልጋ ደግሞ 110 በ210 ሴንቲሜትር ነው። ከሦስት ፎቅ በላይ ከሆነ ሁለት ሊፍት አድርጉ፤ አንዱ ለጥገና ሲቆም በአራተኛ ፎቅ ያለ ሰው ከቤቱ መውጣት አይችልም። ጄኔሬተርም ለአንዱ ሊፍት፣ ለውኃ ፓምፕና ለደረጃ መብራት መብቃት አለበት።

ኮንትራክተር ስንመርጥ ምን እንጠንቀቅ?

ዝቅተኛው ዋጋ ከሌሎቹ በጣም ርቆ ከሆነ አሸናፊ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። የቅድመ ክፍያ ዋስትናና የመልካም አፈጻጸም ዋስትና ሳይቀርብ ገንዘብ አይውጣ። ከእያንዳንዱ ክፍያ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይያዝ፣ ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ፣ ቀሪው ከ12 ወር በኋላ በመጨረሻ ርክክብ ይለቀቅ። ለመጠባበቂያ ከግንባታው ወጪ ቢያንስ 10 በመቶ ይመደብ።

የለውጥ ትእዛዝ የሚፈርመው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሳይቱን የሚጎበኙ አባላት በቅንነት «ይህን መስኮት እዚህ አድርጉልን» ሲሉ ኮንትራክተሩ እንደ ትእዛዝ ይቀበልና በመጨረሻ ሂሳብ ያቀርባል። በርክክብ ቀን ዊልቸር ይዛችሁ በእያንዳንዱ በር ግቡ፤ ከማንኛውም ዝርዝር ወረቀት ይልቅ ያ ይናገራል።

አባላት በጉልበታቸው መሥራት ይችላሉ?

በኡራጓይ እ.ኤ.አ. ከ1968ቱ የቤቶች ሕግ በኋላ የተስፋፉት የእርስ በርስ መረዳጃ ማኅበራት እያንዳንዱ ቤተሰብ በሳምንት 21 ሰዓት ያህል እየሠራ ብዙ ቤት ገንብተዋል። ለአረጋውያን ግን ድንጋይና ስሚንቶ አይሆንም። አትክልት መትከል፣ ሰነድ መያዝ፣ ግዢ መከታተል፣ በመጨረሻ ቀለም መቀባት ይቻላል። ከዚህ የሚገኘውን ቁጠባ በበጀት ላይ አታስቡት፤ ቢገኝ ትርፍ ነው።

ለጥገና ስንት እናስቀምጥ?

በግምት መቶኛ ሳይሆን በዝርዝር። ጣሪያ 25፣ ሊፍት ከ20 እስከ 25፣ የውኃ ፓምፕ ከ10 እስከ 15፣ የውጭ ቀለም ከ7 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። ሊፍት መቀየር 1,200,000 ቢፈጅና 20 ዓመት ቢቀረው በዓመት 60,000፣ ለ40 ቤት በወር 125 ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ እንዲህ አስልታችሁ ደምሩ፤ በየሦስት ዓመቱ በአዲስ ዋጋ ከልሱት።

ክፍያውን ዝቅ ለማድረግ መጠባበቂያውን መቁረጥ በየጉባኤው ይጠየቃል፤ በጡረታ ለሚኖር ሰው ጥያቄው እውነተኛ ነው። ነገር ግን ዛሬ የተቆረጠው 125 ሊፍቱ በቆመ ቀን ለአንድ ቤት 30,000 ሆኖ ይመጣል፤ ያን ቀን መክፈል የማይችሉት ደግሞ በዕድሜ የገፉት ናቸው።

ማን ያስተዳድረው?

ፖሊሲውን ጉባኤውና ሥራ አመራር ኮሚቴው፣ የዕለት ሥራውን የተቀጠረ ሥራ አስኪያጅ። በነፃ የሚሠራ ጠንካራ ሊቀ መንበር ለስድስት ዓመት ያስደስታል፤ ሲታመም ግን የባንክ ፊርማውም የይለፍ ቃሉም አብሮት ይቀራል። የሥራ ዘመን ገደብ፣ ሁለት ፈራሚ፣ በየዓመቱ የውጭ ኦዲት፣ ከኮሚቴው ውጭ የሆነ ቁጥጥር ኮሚቴ ይኑር። ከአምስቱ ወይም ከሰባቱ የኮሚቴ ወንበሮች አንዱን ነዋሪ ላልሆነ የሂሳብ ወይም የሕግ ባለሙያ መስጠትም ይቻላል። ማስታወሻዎች በትልልቅ ፊደል ይታተሙ፤ ስብሰባ በቀን ይደረግ።

መክፈል ያቃተው አባል ይባረራል?

መጨረሻ ላይ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው እርምጃ ግን መጠየቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የትዳር ጓደኛ ሞቶ አንዱ ጡረታ ቆሟል፤ ወይም መርሳት ጀምሮ ሂሳቡ ተረስቷል። አንድ ወር ሲያልፍ ሰው ይላክ እንጂ ደብዳቤ ብቻ አይላክ። ወደ አነስተኛ ቤት መዛወር፣ ከዕጣው ላይ በተወሰነ ጣሪያ መበደር ወይም የአጋዥ ፈንድ መጠቀም ይቻላል። ለፈንዱ ከየወሩ ክፍያ 1 በመቶ ቢቀመጥ ብዙ ሰው ይታደጋል።

ብድሩ ተከፍሎ ሲያልቅስ?

ወርሃዊ ክፍያው በግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ በዚያው ዓመት ግን ጣሪያውም ሊፍቱም ቧንቧውም ያረጃሉ። ከሚወርደው ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ለዕድሳት ይቀጥል። ሕንፃው ከዕዳ ነፃ ሲሆን ደግሞ «ሸጠን እንካፈል» የሚል ድምፅ መምጣቱ አይቀርም። ያንን የሚያቆመው በመጀመሪያው ደንብ የተጻፈ አንቀጽ ብቻ ነው፦ ማኅበሩ የሚፈርሰው በሦስት አራተኛ ድምፅ ይሆናል፣ ዕዳና ዕጣ ተመልሶ የሚተርፈው ሀብት ለሌላ ተመሳሳይ ማኅበር ይተላለፋል እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም። መሬቱን የለገሰ ወይም በቅናሽ የሰጠ አካል ካለ ይኸው አንቀጽ ያለ እርሱ ፈቃድ እንዳይሻሻል በመሬት ውሉ ላይም ይድገም።